ሪሞቱ ማን ጋ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ የሰው ቤት ገብታችሁ ቴሌቪዥን ካለ፣ ሪሞቱን በላስቲክ ተጠቅልሎ ማግኘታችሁ አይቀርም። አቧራው አይምርማ። የባትሪው ክዳን ከጠፋ ደግሞ በፕላስተር ይታሰራል። የእኛም እንደዚያው ነው። አሁንም ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ሥራው ግን ቀንሷል። እኛ ቤት ሪሞት ማለት ስልክ ከሆነ ቆየ። ስልክ ላይ ያለ ነገር ደግሞ አፕዴት ይደረጋል። በላስቲክ የተጠቀለለው አንድም ቀን አፕዴት ጠይቆን አያውቅም።

መጀመሪያ ዕቃውን ላስተዋውቃችሁ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ኮምፒውተር ተሰክታለች። ራስበሪ ፓይ ትባላለች። ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልን። ውስጧ ሊብሬኤሌክ የሚባል ሲስተም አለ፤ የእሱ ሥራ ኮዲን ማስነሳት ብቻ ነው። ኮዲ ሃርድ ዲስክ ላይ የታጨቀውን ፊልም፣ ዘፈን፣ የሠርግ ቪዲዮና ፎቶ በመልክ በመልኩ ደርድሮ ቴሌቪዥን ላይ የሚያጫውት ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኮዲ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከዚያ በፊት ኤክስቢኤምሲ ነበር፤ መጀመሪያ የተሠራው ለኤክስቦክስ የጌም ማጫወቻ ስለነበር ነው። ታሪኩ ረጅም ነው፣ እንለፈው።

ስልክ ላይ የሚጫነው ሪሞት ብዙ ዓይነት ነው። አንድሮይድ ላላቸው ኮሬ አለ፤ እሱን የሚያወጡት የኮዲ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ያትሴ የሚባልም አለ። ለአይፎንም የኮዲ የራሱ ሪሞት አለ። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። ስልኩ ላይ ማቆሚያዋን ስትነኩ አንዲት አጭር የጽሑፍ መልእክት በዋይፋይ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ፓይዋ ትሄዳለች። ኮዲ ያነባታል፣ ፊልሙን ያቆማል፣ ማቆሙንም መልሶ ለስልኩ ይነግረዋል። መልእክቷ የምትጻፍበት ደንብ ጄሶን አርፒሲ ይባላል። ኮዲ መልእክቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ፖርት 8080 በሚባል የመግቢያ በር ላይ ነው።

በላስቲክ የተጠቀለለው የሚልከው ለዓይን የማይታይ ብርሃን ነው። ፊት ለፊት ማነጣጠር አለባችሁ፤ መሃል ሰው ከቆመ አለቀ። የስልኩን ግን ግድግዳ አያግደውም። ይሄ ድሬ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ ማታ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ማን አለ? ምንጣፍ ግቢ ይነጠፋል፣ ፍራሽ ይወጣል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆኖ ድምፁ በመስኮት ይመጣል። አባባ ግቢ እንደተጋደመ ዘፈን ይቀይራል። ከሰዓት በርጫ ላይም የአክስቴ ልጅ ከተደገፈበት ትራስ ሳይነሳ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ምርቃናው ሲመጣ ዝቅ፣ ጨዋታው ሲደራ ከፍ።

አንድ ነገር ግን ላስምርበት፣ ብዙ ሰው ስለሚምታታበት። ይቺ መልእክት ከቤት አትወጣም። ኢንተርኔት አያስፈልጋትም። ፓኬጁ ቢያልቅ፣ መስመሩ ቢቆረጥ፣ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ሪሞቱ መሥራት አለበት።

ታዲያ ኔት ሲጠፋ ሪሞቱም አብሮ የሚጠፋው ለምንድነው?

ይሄ ጥያቄ እኛ ቤት ጭቅጭቅ አስነስቷል። አክስቴ “አፕዴት ስላደረጋችሁት ነው የተበላሸው” ትላለች። ልጇ ጥፋቱን ወደ ፓይዋ ይወስደዋል፤ አርጅታለች ነው የሚለው። አባባ ክርክር አይወድም፤ ሄዶ ሽቦ ይነቀንቃል። (አባባን “ይላል፣ ይነቀንቃል” እያልኩ ስጽፍ የአዲስ አበባ ሰው ይቀየመኝ ይሆናል። ድሬ ነን፤ አንቱታ ብዙ አይሆንልንም።)

ነገሩ ወዲህ ነው። የዛሬ ስልክ ብልጥ ነኝ ይላል። የተገናኘበት ዋይፋይ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቅ ለማንም ሳይናገር ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል። ዋይፋዩ ከላይ እንደበራ ይታያችኋል፤ የሚልከውን የሚልከው ግን በሲም ካርዱ በኩል ነው። ሪሞቱ ያኔ ፓይዋን ውጭ ይፈልጋታል። እሷ ያለችው ሳሎን። መፍትሔው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሞባይል ዳታውን ማጥፋት፣ ወይም ስልኩ “ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም፣ ልቆይ?” ብሎ ሲጠይቅ ቆይ ማለትና ሁለተኛ እንዳይጠይቅ ምልክት ማድረግ። ጥያቄውን ግን ማን ያነበዋል? ሁላችንም መጀመሪያ ያገኘነውን ነክተን እናልፋለን።

ሌላው ተጠያቂ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለዕቃዎቹ እንደ አዲስ አድራሻ ሊያድል ይችላል። ትናንት መጨረሻዋ 5 የነበረችው ፓይ ዛሬ 8 ሆና ትነሳለች። ስልኩ አሮጌውን አድራሻ ይዞ ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት የለም። ለዚህም ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ለፓይዋ ቋሚ አድራሻ መያዝ ይበቃል። እኔ ያንን ካደረግኩ በኋላ የአክስቴ ስሞታ በግማሽ ቀንሷል።

ሁለቱም ከአፕዴት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ አፕዴቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሪሞቱ ላይ ማለት ነው። ለምን ቢባል እጃችን ላይ ያለው እሱ ነዋ። ራውተሩ ቁም ሳጥን ላይ ነው። ፓይዋ ከቴሌቪዥን ጀርባ ናት። ጉግል የት እንዳለ አይታወቅም። ስልኩ ግን እዚህ ነው፤ ይወቀሳል፣ ሲብስም ፍራሽ ላይ ይወረወራል። ለሪሞት አፕ የሚሰጠውን አንድ ኮከብ ባየሁ ቁጥር ስንቱ የራውተር ኃጢአት ይሆን እላለሁ።

አፕዴት ሲባል የሆነ አዲስ ነገር ተጨምሮ የሚመጣ ይመስለናል። ሪሞት ላይ ምን ይጨመራል? ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አጫውት፣ አቁም። ዋናው ነገር ከተሠራ ቆይቷል። አብዛኛው አፕዴት የሚመጣው አፑ ባለበት እንዲቆይ ነው። ስልኩ ራሱ በየዓመቱ ይለወጣል፣ ፕሌይ ስቶርም ሕጉን ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ሥሪት ማውጣት የሚፈልግ አፕ ለአንድሮይድ 13 የተዘጋጀ መሆን ነበረበት። በ2024 አንድሮይድ 14 ተባለ፤ በ2025 ደግሞ 15። ብዙ ወደ ኋላ የቀረ አፕ አዲስ ስልክ ለገዛ አዲስ ሰው ስቶሩ ላይ አይታይም። ኮሬን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኮዱ ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው እያንዳንዷን ለውጥ ገብቶ ማንበብ ይችላል። አስቡት፣ ሰውዬው ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ማታ ቁጭ ብሎ አዲስ ነገር ሳይጨምር የድሮው እንዳይጠፋ ብቻ ይሠራል። እኛ ደግሞ “ምን ለወጡ? ዳታ ለመብላት ነው እንጂ” እንላለን። ጥቂት ሜጋባይት ነች እኮ።

ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ደግሞ ማሳወቂያ ማውጣት የሚፈልግ አፕ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ኮሬ ስልክ ሲደወል ፊልሙን በራሱ የማቆም አማራጭ አለው፤ ለዚህ የስልክ ጥሪ ፈቃድ ይፈልጋል። ጥሩ ነገር ነው። አክስቴ ግን ጥያቄውን ስታይ ደነገጠች። “ሪሞት ስልኬን ምን አደረገው? ከማን ጋር እንደማወራ ሊያውቅ ነው?” አለች። አልፈረድኩባትም። በሕይወቷ ሪሞት ፈቃድ ሲጠይቅ አይታ አታውቅም። እኔም ፈቃዱን አላስሰጠኋትም። ሲደወልላት በአውራ ጣቷ ታቁመው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። “ጥቃቅን ስህተቶች ተስተካክለዋል፣ ፍጥነት ተሻሽሏል” ብለው የሚያልፉ አፖች ያናድዱኛል። የትኛው ስህተት? እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው ወይስ ሌላ? የለወጠውን ዘርዝሮ የሚጽፍ ሰው ግን አምነዋለሁ፤ ዝርዝሩ ግማሹ ባይገባኝም።

አባባ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ድሬ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የመጣች ከተማ ናት፤ ከዚራ ሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች ግማሾቹ ስለ ሐዲድ ካላወሩ ቡናው አይጥማቸውም። አንድ ማታ አባባ “ሪሞቱን አደስከው፣ ኮዲን ለምን አላደስከውም? ወይ ሁለቱን ተዋቸው” አለኝ። ያስረዳሁት በራሱ ቋንቋ ነው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ የጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር። የድሮውን ባቡር ብታድሰው፣ ብትቀባው፣ አዲስ ሞተር ብትገጥምለት አዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። ሪሞትና ኮዲም እንደዚያ ናቸው፣ መስማማት አለባቸው አልኩት። ወዲያው ገባው።

“ታዲያ ስፋቱን የሚወስነው ማን ነው?” አለ።

የሚወስነው ኮዲ ነው። ሪሞት ሠሪዎቹ ይከተላሉ። ኮዲ ትልልቅ ሥሪቶቹን በስም ያወጣል፤ 18ኛው ሊያ በጃንዋሪ 2019፣ 19ኛው ማትሪክስ በፌብሩዋሪ 2021፣ 20ኛው ኔክሰስ በጃንዋሪ 2023፣ 21ኛው ኦሜጋ በኤፕሪል 2024 ወጡ። ደግነቱ የመልእክት ደንቡን በየጊዜው አይገለብጡትም። ሲጨምሩ የድሮውን ያቆያሉ፤ ስለዚህ አሮጌ ሪሞት አዲስ ኮዲን ብዙ ጊዜ ያዘዋል። ከባዱ ማትሪክስ ነበር። ኮዲ ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ከ2ኛው ወደ 3ኛው ተሻገረ፣ በአሮጌው የተጻፉ ብዙ አዶኖች (ኮዲ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ሳይታደሱ ቀሩና መሥራት አቆሙ። ሪሞቱ ደህና ነው። እስከ አዶኑ ያደርሳችኋል፣ ትነካላችሁ፣ ምንም የለም። ትደግማላችሁ፣ ምንም የለም። ጥፋቱ የማን ተባለ? የሪሞቱ።

ማትሪክስ ሌላም ነገር አምጥቷል፤ በዚህኛው እኔ ደስ ብሎኛል። ከዚያ በፊት ኮዲን በዋይፋይ ለማዘዝ የይለፍ ቃል ግዴታ አልነበረም። ከ19 ወዲህ የርቀት መቆጣጠሪያውን ስትከፍቱት የይለፍ ቃል አውጡ ይላችኋል። ብዙ ሰው ይሄን ይጠላል፤ ከአፕዴት በኋላ ሪሞቱ “መግባት አልቻልኩም” ማለት ስለሚጀምር።

እኛ ሰፈር ግን ዋይፋይ የግል ነገር አይደለም። አጥር ለአጥር ነን። የጎረቤት ልጅ “አቦ፣ ዋይፋይ ስጠኝ፣ ለትምህርት ነው” ካለ ይሰጠዋል፤ ቡና የምትጠጣበትን ቤት ልጅ እንዴት እምቢ ትላለህ? ልጁ አንድ ቀን ስልኩ ላይ ኮሬን ጫነ። አፑ በዋይፋዩ ላይ ያለውን ኮዲ ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ምንም ጥበብ አይጠይቅም። ከዚያ በኋላ የአክስቴ የቱርክ ድራማ ልክ እናትየዋ ምስጢሩን ልትናገር ስትል ይቆማል። ታስነሳዋለች፣ ይቆማል። ድምፁ ይጠፋል። አክስቴ ጸበል ልትረጭ ደርሳ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ሲሰማ ነው ነገሩ የገባን። የይለፍ ቃል ገባ፣ ድራማው ቀጠለ። ልጁን ማንም አልቆጣውም፣ እንዲያውም አክስቴ ራሷ እስከዛሬ እያወራች ትስቃለች።

ስለዚህ አፕዴትን የምጠላ ሰው አይደለሁም። አንድ ዓይነት አፕዴት ላይ ግን ቂም ይዣለሁ። መልክ የሚለውጠው ላይ።

አክስቴ ስልኩን ስትይዘው አይቻለሁ። ግራ እጇ ላይ ነው። ስክሪኑን አታይም፤ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። አውራ ጣቷ ከታች መሃል ላይ ያርፋል፣ ማቆሚያዋ እዚያ ናትና። ድምፅ ለመቀነስ ትንሽ ወደ ግራ ትንሸራተታለች። ይሄን ለመልመድ ጊዜ ወስዶባታል፤ ምክንያቱም መስታወት ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም። በላስቲክ የተጠቀለለው ሪሞት 5 ቁጥሩ ላይ የምትዳሰስ ነጥብ አለችው፤ ጨለማ ውስጥም ጣት ያገኛታል። አንድ ቀን ስሙን የማልጠራው አንድ ሪሞት አፕ አደረና መልኩን ለውጦ ተነሳ። ያምራል፣ አልክድም። ክብ ክብ ነገር፣ ቀለሙ ለስለስ ያለ። ማቆሚያዋ ግን አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሄዳለች፤ በእሷ ቦታ ጨርሶ መዝጊያው ገብቷል። አክስቴ በረንዳ ላይ ሰው መጣባትና ሳታይ ነካችው። ፊልሙ ተዘጋ። መልሳ ስትከፍተው ኮዲ “ካቆምሽበት ልቀጥል ወይስ ከመጀመሪያው?” ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። ከመጀመሪያው የሚለውን ነካች። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ሠሪው ምናልባት ቦታውን ሲቀይር ጥሩ ምክንያት ነበረው። ግን እሷ የለመደችውን በጣቷ ነበር የምታውቀው፤ ጣት ደግሞ የለውጥ ዝርዝር አያነብም። ዓይን አዲስ ነገር ቶሎ ይለምዳል። ከዚያ ቀን በኋላ በእሷ ስልክ ላይ የዚያን አፕ ራስ-ሰር አፕዴት አጠፋሁት። ፕሌይ ስቶር ላይ አፑን ከፍታችሁ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ይገኛል፤ ለአንድ አፕ ብቻ ማጥፋት ይቻላል። የእኔ ስልክ ላይ ግን ሁሉም በጊዜው ይታደሳል። መጀመሪያ እኔ ጋ ይለፍ፣ እኔ ጋ ያስቸግር፤ ደህና ከሆነ ለአክስቴ አሳይቻት፣ አለማምጃት፣ ያኔ ይገባል። የፓይዋንም አፕዴት በራሱ እንዲወርድ አልፈቀድኩም። የሊብሬኤሌክ ፋይል ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ እየተጻፈ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ሚሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። የቀኑን ሙቀትና የመብራቱን ጠባይ አይቼ፣ ጠዋት ማለዳ እሠራዋለሁ።

ሁለት መጠባበቂያ ደግሞ አለን። አንደኛው አፕ አይፈልግም። ከ17ኛው ሥሪት ወዲህ ኮዲ ኮረስ 2 የሚባል ገጽ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የፓይዋን አድራሻና 8080ን ብሮውዘር ላይ ስትጽፉ ሪሞቱ እዚያው ይከፈታል። ለእንግዳ ምቹ ነው።

ሁለተኛው ያ በላስቲክ የተጠቀለለው ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ የቴሌቪዥኑ የራሱ ሪሞት ኮዲን ማዘዝ ይችላል። ትእዛዙ በኤችዲኤምአይ ሽቦው በኩል ያልፋል፤ ሲኢሲ ይባላል። ካምፓኒዎቹ እየራሳቸው ስም አውጥተውለታል፤ ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ። ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ማብራት ብቻ ነው። ዋይፋይ የለ፣ የይለፍ ቃል የለ፣ ፈቃድ የለ። ራውተሩ ሲያኮርፍ አባባ የሚነሳው ወደዚህ ነው።

ሪሞት ባትሪ እንኳ ያልፈለገበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ካምፓኒ ያወጣው ስፔስ ኮማንድ፣ ቁልፉን ስትጫኑት ውስጡ ያለች ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፤ ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ይወጣል፣ ቴሌቪዥኑ ይሰማል። የሠራው ኢንጂነር ሮበርት አድለር ይባላል። እሱም ቢሆን ጣጣ አላጣም፤ የቁልፍ ማንጠልጠያ ሲንኳኳ ቻናል ሊቀየር ይችል ነበር። የእኛ ጎረቤት ልጅ ያኔ ቢኖር ቁልፍ ይዞ አጥሩ ላይ ይቆም ነበር።

አሁን ደግሞ 22ኛው ኮዲ እየተዘጋጀ ነው፤ ፒርስ ብለውታል። የአክስቴ ልጅ የሙከራውን ሥሪት ዛሬውኑ ካልጫንን እያለ ነው። የቁልቢ ሰሞን ግን ደርሷል። ለታኅሣሥ 19 ከአዲስ አበባም ከናዝሬትም እንግዳ ይመጣል፤ ቤቱ ይሞላል፣ ሁሉም ዋይፋይ ይጠይቃል፣ ልጆቹ ቴሌቪዥኑ ሥር ይተኛሉ። ያን ጊዜ ፓይዋ እምቢ ብትል ቤቱን ለቅቄ መሄዴ ነው። እንግዶቹ ይሸኙና እናየዋለን አልኩት።

“አቦ፣ እስከዚያ እኮ ሌላ ይወጣል” አለኝ።

ይውጣ።